የሞተርን ማንኳኳት የመረመረው ሰው
የሰር ሃሪ ሪካርዶ የሕይወት ታሪክ በአጭሩ

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ቀድሞ አባቶች ታሪክ ሲጻፍ ቆይቷል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ስለ አንድ የሞተር ሊቅ ሕይወት በመጠኑ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ። በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ፣ በቦረና፣ በሳይንት፣ በከላላ፣ በለጋምቦ ዛሬ በመኪና የሚተዳደር ቤተሰብ ብዙ ነው። ከእኛም መካከል ሹፌር አለ፣ ረዳት አለ፣ መካኒክ አለ፣ ተበድሮ መኪና የገዛ አለ። አንድ ሞተር ተቃጠለ ሲባል የሚቃጠለው ብረት ብቻ አይደለም። የቤት ቀለብ፣ የልጆች ልብስና ደብተር፣ የባንክ ዕዳ አብሮ ይነካል። ወጣቶቻችን ደግሞ ቱርቦ ያለው ሞተር ላይ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ቢገጠም ጉልበት ይጨምራል ሲሉ ይሰማል። ይባስ ብሎም መኪና በውኃ ይነዳል የሚል ወሬ አይጠፋም። ታዲያ ከዚህ ነገር ውስጥ እውነቱ የቱ ነው? ልኩስ ስንት ነው? ይህን ከሥሩ ካጠኑት ሰዎች አንዱና ዋነኛው ሃሪ ሪካርዶ የሚባለው እንግሊዛዊ ስለሆነ፣ የእርሱን ሕይወት እየተከተልን ነገሩን ብንመለከተው ይሻላል ብዬ ነው። የውጭ አገር ነገር ስለሆነ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍሁት።

ሃሪ ራልፍ ሪካርዶ የተወለደው ጥር 26 ቀን 1885 በለንደን ከተማ ነው። አባቱ ሃልሲ ሪካርዶ የቤት ንድፍ አውጪ ነበር። እናቱ የታወቀ የግንባታ መሐንዲስ የነበረው የሰር አሌክሳንደር ሬንዴል ልጅ ናት። እንግዲህ በእናቱም በአባቱም ወገን ንድፍና ሥራ የለመደ ቤት ነው። ልጁ ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ መሣሪያ መያዝ፣ ብረት መሞረድና ትንንሽ ሞተር መሥራት ይወድ ነበር። በ1898 አያቱ መኪና ሲገዙ ሃሪ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር መኪና በዓይኑ ያየ ሰው ጥቂት ነበር። ልጁ ግን ያየው ለመደነቅ ብቻ አልነበረም፣ ውስጡ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ጭምር ነው።

በ1903 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ እያለ የተማሪዎች የመኪና ማኅበር አንድ ውድድር አወጣ። ውድድሩ የፍጥነት አይደለም፣ የቁጠባ ነው። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ሊትር ከሩብ የማይሞላ፣ ማለት 1.14 ሊትር ቤንዚን ይሰጠዋል፤ በዚያች ነዳጅ ርቆ የሄደ ያሸንፋል። ሪካርዶ ራሱ የሠራትን ሞተር ብስክሌት ይዞ ቀረበና ወደ 64 ኪሎ ሜትር ሄዶ አሸነፈ። ይህን የሰማው በርትራም ሆፕኪንሰን የሚባል የምሕንድስና መምህር ወጣቱን ጠርቶ በሞተር ምርመራ አብሮት እንዲሠራ አደረገው። የሪካርዶ የሕይወት መንገድ የተቀየሰው በዚህ ነው ማለት ይቻላል።

መምህሩና ተማሪው የያዙት ጥያቄ ዛሬም ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው ነው። የቤንዚን ሞተር ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት ውስጡ በመዶሻ የሚመታ ይመስል ቀጭን ድምፅ ያሰማል። እኛ ያንኳኳል እንለዋለን። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የሚያምነው ካንዴላው እሳት ከመስጠቱ በፊት ቤንዚኑ ስለሚቀጣጠል ነው ብሎ ነበር። ሆፕኪንሰን ግን በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ግፊት በብርሃን ጨረር የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳየ። ማንኳኳት የሚመጣው ካንዴላው እሳቱን ከሰጠ በኋላ ነው። እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ እንደ ሰደድ እሳት እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ገና ያልተቃጠለው የመጨረሻው ነዳጅና አየር ከፊቱ ይጨመቃል፣ ይግላል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ያ የቀረው ክፍል እሳቱ ሳይደርስበት በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። የግፊቱ ሞገድ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስቶኑን አናት ይመታል። የምንሰማው ድምፅ ይህ ነው። ሲደጋገም ፒስቶን ይበሳል፣ ጓርኒሲዮን ይበላል፣ ቴስታታ ይሰነጠቃል።

ሆፕኪንሰን በ1913 ሌላም ነገር አቀረበ። ትልልቅ የጋዝ ሞተሮችን ከውጭ በውኃ ከማቀዝቀዝ ይልቅ ውኃውን በጥቂቱ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ረጭቶ ማቀዝቀዝ እንደሚቻል በሙከራ አሳየ። ውኃን በሞተር ውስጥ የመርጨት አሳብ እንግዲህ የዛሬ ወጣት የፈጠረው አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው።

ሪካርዶ ትምህርቱን ጨርሶ በአያቱ ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ ተቀጠረ። በ1911 ቢያትሪስ ሄል የተባለች ወይዘሪት አገባ፣ ሦስት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በዚያው ሰሞን ከአጎቱ ልጅ ጋር በሾራም ከተማ ዶልፊን የምትባል መኪና መሥራት ጀምረው ነበር። መኪናዋ ጥሩ ብትሆንም የማሠሪያው ወጪ ከሽያጩ ስለበለጠ ሥራው ቆመ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የእንግሊዝ ጦር ታንክ የሚባለውን አዲስ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። ሪካርዶ መጀመሪያ የተጠራው ታንኩ በባቡር ፉርጎ ላይ እንዴት እንደሚጫን እንዲመክር ነው። በኋላ ግን ዋናው ችግር ሞተሩ መሆኑ ታወቀ። የድሮው ሞተር ብዙ ጭስ ያወጣ ስለነበር ጠላት ከሩቅ ያየዋል፤ ታንኩ ሲያዘነብልም ዘይቱ በትክክል አይዳረስም። ሪካርዶ ባለ 6 ሲሊንደርና 150 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ጭስ የማያበዛ ሞተር ነደፈ። ከባድ ሁኔታም ነበረበት። ጥሩው ቤንዚን ለአውሮፕላን ስለሚሄድ የታንኩ ሞተር በመናኛው ነዳጅ መሥራት ነበረበት። በ1917 በሳምንት 100 ያህል ሞተር ይመረት ጀመር። ከታንክ አልፎ በጦሩ ሠፈር መብራት ማመንጫና የጥገና ቤት ማንቀሳቀሻ ሆነ። መምህሩ ሆፕኪንሰን ግን የጦርነቱን ፍጻሜ አላየም፤ ነሐሴ 26 ቀን 1918 ራሱ ሲያበር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሪካርዶ መምህሩን በሕይወቱ ሙሉ ሲያመሰግን ኖሯል።

ከጦርነቱ በኋላ በ1919 በሾራም የራሱን የሞተር መመርመሪያ ቤት ተከለ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው ከሼል የነዳጅ ኩባንያ የመጣ ነው። ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ቤንዚን ናሙና ተሰጠውና የትኛው እንደሚያንኳኳ፣ የትኛው እንደማያንኳኳ እንዲለይ ተጠየቀ። ለዚህ ሲል ኢ 35 የሚባል የሙከራ ሞተር ሠራ። የዚህ ሞተር ልዩነቱ እየሠራ ሳለ የመጨመቂያው ልክ ከፍና ዝቅ ሊደረግ መቻሉ ነው። ሞተሩ ማንኳኳት እስኪጀምር ድረስ ጭመቃውን ቀስ እያሉ ከፍ ያደርጋሉ፤ ያንኳኳበትን ልክ ይመዘግባሉ። ከእርሱ ጋር ሃሪ ቲዛርድና ዴቪድ ፓይ የተባሉ ምሁራን አብረው ሠሩ።

ከናሙናዎቹ ሁሉ የበለጠው ከቦርኒዮ ደሴት የመጣው ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ነገር፣ ኩባንያው ይህን ቤንዚን ክብደቱ ከተለመደው በለጠ ብሎ እንደ ቆሻሻ ዱር ውስጥ ሲያቃጥለው ኖሯል! የሚጣለው ነገር ምርጡ ነበር። ነዳጅ በክብደቱና በሽታው ሳይሆን በሞተር ውስጥ በሚያሳየው ጠባይ መመዘን እንዳለበት ከዚያ ወዲህ ታመነ። ዛሬ ኦክቴን የምንለው መለኪያ በኋላ በአሜሪካ ቢወጣም መንገዱን የጠረገው ይህ ሥራ ነው። ሪካርዶ አልኮልም ማንኳኳትን አጥብቆ እንደሚከለክል አረጋግጧል። እንዲያውም የከርሰ ምድር ነዳጅ የአባት ውርስን መብላት ነው፣ ከእፅዋት የሚወጣ አልኮል ግን በየጊዜው ከፀሐይ የሚገኘውን መጠቀም ነው የሚል አሳብ ነበረው። በአገራችንም ከ2008 ጀምሮ ከስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኤታኖል 5 ከመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 10 ከመቶ በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ ይቀላቀል እንደነበር ይታወሳል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አየር በላዩ ላይ የሚገፋበት ሞተር፣ ማለት ቱርቦ ወይም የአየር መጭመቂያ ያለው፣ ብዙ አየር ስለሚያገኝ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ጉልበቱም ይጨምራል። ቱርቦን በመጀመሪያ በ1905 ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊዝ መሐንዲስ ነው። ቱርቦው በሚወጣው ጭስ ኃይል ይሽከረከርና ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ነገር ግን አየር ሲጨመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በፖምፓ የነፋ ሰው ፖምፓው እጁን እንደሚያሞቀው ያውቃል። የጋለ አየር የገባበት ሞተር ደግሞ ቶሎ ያንኳኳል። ስለዚህ የቤንዚን ሞተር ጉልበት ወሰኑ የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ማንኳኳት ከየት ላይ ይጀምራል የሚለው ነው።

ሪካርዶ በሾራም በነጠላ ሲሊንደር ሞተር ላይ ያደረገው ምርመራ ይህን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። የሚገባውን አየር ግፊት ሞተሩ እስኪያንኳኳ ድረስ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ቤንዚኑን ከተለመደው ያበዛለታል፤ ትርፉ ቤንዚን ሲተን ያቀዘቅዛልና ማንኳኳቱ ይጠፋል። እንደገና ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ቤንዚን ማብዛት የማይጠቅምበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ውኃ ይረጫል። ማንኳኳቱ እንደገና ይጠፋል፣ ግፊቱም እንደገና ይጨምራል። በዚህ ዓይነት ከአንድ ትንሽ ሲሊንደር የማይታሰብ ጉልበት ማውጣት ቻለ።

ውኃው ይህን የሚያደርገው ተቃጥሎ አይደለም። ውኃ አይቃጠልም፣ ጉልበትም የለውም። ሥራው ሙቀት መጠጣት ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ወደ 2,260 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሲተን የሚወስደው ግን ወደ 350 ነው። እንግዲህ ውኃው ከስድስት እጥፍ በላይ ያቀዘቅዛል ማለት ነው። ሜታኖል የሚባለው አልኮል በመካከል ነው፤ ወደ 1,100 ይወስዳል፣ ራሱም ይቃጠላል። ከውኃ ጋር የሚቀላቀለው ስለዚህና በብርድ አገር ውኃው እንዳይረጋ ስለሚጠብቅ ነው።

ልኩስ? እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ስለሆንሁ ነገር በቁጥር ሲቀመጥ ይገባኛል፤ እናንተም በቁጥር ተከተሉኝ። ለቱርቦ የቤንዚን ሞተር የሚረጨው ውኃ ብዙውን ጊዜ በክብደት ከሚቃጠለው ቤንዚን ከ10 እስከ 25 ከመቶ ነው። ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 150 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በሰዓት 40 ኪሎ ቤንዚን ያቃጥላል እንበል። ይህ በደቂቃ 667 ግራም ገደማ ነው። 15 ከመቶው 100 ግራም ይሆናል። ስለዚህ በደቂቃ ከአንድ ሊትር አንድ አሥረኛ፣ ከቡና ሲኒ ብዙም የማይበልጥ ውኃ ነው። በዚያችው ደቂቃ ሞተሩ ወደ 8 ኪሎ አየር ይስባል። ውኃው በሙሉ በአየሩ ውስጥ ቢተን አየሩን ወደ 28 ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል። ለማንኳኳት 28 ዲግሪ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ ሂሳብ ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ውኃው የሚለካው ከነዳጁ ጋር ነው እንጂ በዘፈቀደ አይደለም። ሞተሩ ጭነት ሲይዝና ቱርቦው ሲገፋ ይረጫል፤ ዝም ብሎ ቆሞ ሲሠራ ወይም ቁልቁል ሲወርድ መቋረጥ አለበት። ሁለተኛ፣ ሲበዛ ማርም ይመራል እንደሚባለው ውኃው ከልኩ ሲያልፍ እሳቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ሞተሩ ይሳሳታል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፣ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎም ይጎዳል። ሦስተኛ፣ ውኃው እንደ ጉም ደቅቆ መግባት አለበት። እየተንጠባጠበ ከገባ ለአንዱ ሲሊንደር በዝቶ ለሌላው ያንሳል፤ ውኃ ያልደረሰው ሲሊንደር ደግሞ ያንኳኳል። ውኃውም የተጣራ፣ ለባትሪ የሚሆነው ዓይነት ይሁን። የጉድጓድና የቧንቧ ውኃ በማንቆርቆሪያችን ላይ ያንን ነጭ ቅርፊት የሚጥለው ማዕድን ስላለበት ነው፤ ያው ማዕድን የመርጫውን ቀዳዳ ይደፍነዋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህ ዕውቀት በአየር ላይ ዋለ። ጀርመኖች ግማሹ ሜታኖል ግማሹ ውኃ የሆነ ድብልቅ በተዋጊ አውሮፕላኖቻቸው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጠቀሙ ነበር። አሜሪካኖች ፕራት ኤንድ ዊትኒ አር 2800 በሚባለው ባለ 18 ሲሊንደር ሞተራቸው ላይ ገጠሙት። ተንደርቦልት በሚባለው ተዋጊ ላይ 2,000 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በውኃው ርዳታ 2,300 ሆነ። ሪካርዶም በዚያ ጊዜ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ፍራንክ ዊትል ለሠራው የጄት ሞተር የነዳጅ መርጫና መቆጣጠሪያ ክፍል በመሥራት ረድቷል።

ይህ ነገር ወደ እኛም አገር መጥቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በሲ 47 አውሮፕላኖች ሥራ ከጀመረ በኋላ በ1950ዎቹ ኮንቬየር 240፣ ከ1958 ጀምሮ ደግሞ ዲሲ 6 ቢ የሚባሉትን አብርሯል። ሁለቱም የሚበሩት በዚያው በአር 2800 ሞተር ነው። በእነርሱ ላይ ያለው የሞተር ዓይነት በመነሻ ላይ ውኃና አልኮል እየተረጨለት ሙሉ ጉልበቱን እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ከለቀቀና ከፍ ካለ በኋላ መርጫው ይዘጋል። ውኃው የዘወትር ቀለብ አይደለም፣ ለጭንቅ ጊዜ የሚወጣ ስንቅ ነው።

በመኪና ላይ ግን ነገሩ ያልታሰበ መሰናክል ገጠመው። የአሜሪካው ኦልድስሞቢል ኩባንያ በ1962 ጄትፋየር የምትባል ባለ ቱርቦ የቤት መኪና አወጣ። ውኃና ሜታኖል የሚይዝ ለብቻው የሆነ ዕቃ ነበራት። ችግሩ ግን ሰው ነው። ባለመኪኖቹ ቤንዚን መሙላት እንጂ ውኃ መሙላት አላስታወሱም። ዕቃው ባዶ ሲሆን ሞተሩ እንዳይጎዳ ቱርቦው ይታገዳል፤ ባለቤቱም መኪናዬ ደከመችብኝ ብሎ ያማርራል። በ1965 ኩባንያው ቱርቦውን እያነሣ በተራ ካርቡራተር መተካት ጀመረ። ከ50 ዓመት በኋላ በ2015 ቢ ኤም ደብሊው ኤም 4 ጂ ቲ ኤስ የተባለች መኪና ላይ 5 ሊትር የተጣራ ውኃ የሚይዝ ዕቃ አድርጎ 500 የፈረስ ጉልበት አወጣ። እዚያም ቢሆን ውኃው ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ የቱርቦውን ግፊት ይቀንሳል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንኳ ውኃው ሲያልቅ የሚቆጣጠር ነገር ሳያበጁ አልገጠሙትም።

ለእኛ ደጋ ላለነው ሰዎች ደግሞ የተለየ ሂሳብ አለ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ እንደ ድሮው ፊያት ኤንትሬ ያለው፣ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ነገር ግን አየሩ ስለሳሳ የቤንዚን ሞተር ከሆነ ማንኳኳቱም አብሮ ይቀንሳል። ቱርቦ የጎደለውን አየር ይመልሳል። ሲመልስ ግን ይበልጥ መድከም አለበት። በባሕር ዳርቻ 20 ዲግሪ የሆነን አየር አንድ ተኩል እጥፍ ሲጨምቀው ወደ 70 ዲግሪ ያህል ይግላል። ያንኑ ግፊት መካነ ሰላም ላይ ለማግኘት ሁለት እጥፍ መጨመቅ አለበት፤ አየሩም ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ የማያንኳኳ ቱርቦ፣ ደጋ ላይ ያንኑ ግፊት እንዲሰጥ ከተገደደ ሊያንኳኳ ይችላል። ብርድ አገር ስለሆነ ሞተር አይግልም ማለት ስሕተት ነው።

ሌላም አለ። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ ቶሎ የማይበስልልን ለዚህ ነው። ራዲያተርም ክዳኑ ከላላ ቶሎ ይፈላል። የአባይን በረሃ ሽቅብ ወጥቶ የጋለ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል። ይህ በራዲያተር የሚዞረው ውኃና ስንናገርለት የቆየነው የሚረጨው ውኃ የተለያዩ መሆናቸውንም ልብ ማለት ይገባል።

አብዛኛው የእኛ አገር የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ግን በናፍጣ የሚሄድ ነው። እዚህም የሪካርዶ እጅ አለበት። በ1931 ኮሜት የሚባል የማቃጠያ ክፍል አወጣ። ቴስታታው ውስጥ ክብ ጉድጓድ አበጅቶ አየሩ እንደ አውሎ ነፋስ እየተሽከረከረ እንዲገባ አደረገ፤ ናፍጣው እዚያ ሲረጭ ቶሎና በደንብ ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት ትንሽና ፈጣን የናፍጣ ሞተር መሥራት ተቻለ። የለንደን አውቶቡሶች ተጠቀሙበት። ከ1957 ጀምሮ የወጣው የናፍጣ ላንድሮቨርም የእርሱን ኮሜት ክፍል የያዘ ነበር። በገደሉ በጭቃው የምናውቀው ላንድሮቨር ማለት ነው። አየሩን በክብ ጉድጓድ ውስጥ እያሽከረከሩ ማቃጠል በኋላ በብዙ የጃፓን የናፍጣ ሞተሮችም ላይ ዋለ።

የናፍጣ ሞተር ደግሞ በተፈጥሮው እንደ ቤንዚኑ አያንኳኳም። የሚሳበው አየር ብቻ ነውና ናፍጣው ከመረጨቱ በፊት ሊቀጣጠል የሚችል ነገር ውስጡ የለም። ስለዚህ ሲኖትራክን የመሰለ ቱርቦ ያለው መኪና አየሩን የሚያቀዘቅዘው ከፊት ባለው የአየር ራዲያተር ነው። ያ ራዲያተር ጭቃና አቧራ ሲደፍነው ጉልበቱ ይወድቃል፣ ጭሱ ይጠቁራል። ለዚህ ሹፌር መድኃኒቱ ውኃ ወደ ሞተሩ መርጨት አይደለም፤ ራዲያተሩን ማጠብ፣ የአየር ማጣሪያውን መለወጥ፣ የተቀደደውን የአየር ጎማ ማሰር ነው።

ለቤንዚን መኪና ባለቤት ደግሞ ከሪካርዶ ሥራ የሚገኘው ትልቁ ምክር የነዳጅ ንጽሕና ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ዋጋው ቢቀንስም ማንኳኳትን ይጠራል፤ ጭመቃ ሲበዛበት ቀድሞ ቦግ የሚል እርሱ ነውና። በርካሽ የተገዛው ነዳጅ ፒስቶን ሲበሳ ውድ ይሆናል። ሞተር ሲያንኳኳ የሰማ ሹፌር ማርሽ ቀንሶ፣ የነዳጅ መስጫውን ላላ አድርጎ ይውጣ እንጂ አይጫነው። ውኃ የሚረጭ መሣሪያ እንግጠም የሚሉ ልጆችም ይህን ሂሳብ አስቀድመው ይማሩ፤ ልኩን ያውጡ፣ ውኃው ሲያልቅ ቱርቦውን የሚያግድ ነገር ያዘጋጁ። ይህ ከሌለ ውኃው የሚሰጠው ጉልበት ሳይሆን ዕዳ ነው። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ብናውቅም፣ በእጃችን ያሉት ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናልና ነገሩ ያለፈበት አይደለም።

ሪካርዶ በ1929 የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1944 የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1948 ንጉሡ የሰር ማዕረግ ሰጡት። በ1923 የወጣው ስለ ሞተር የጻፈው መጽሐፍ እየታደሰ ለብዙ ትውልድ መሐንዲስ ማስተማሪያ ሆኗል። በ1968 ደግሞ በ83 ዓመቱ የራሱን የሕይወት ታሪክ አሳተመ። በሾራም የተከለው ድርጅትም ከእርሱ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሞተር ሲመረምር ኖሯል። በመጨረሻም ወድቆ የጭን አጥንቱ ተሰበረና ግንቦት 18 ቀን 1974 በ89 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ሰው ትልቅ ያደረገው አንድ ጠባዩ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳይለካ አይናገርም ነበር። ሌላው ሰው ሞተሩ የሚያንኳኳው በዚህ ነው ብሎ ሲከራከር እርሱ መሣሪያ ሠርቶ አየ። ሌላው ቤንዚኑን በሽታው ሲመርጥ እርሱ ሞተር ውስጥ አስገብቶ መዘነ። ውኃውንም እንዲሁ ዝም ብሎ አላፈሰሰም፤ ጥቂት በጥቂት ጨምሮ የት ላይ እንደሚጠቅም፣ የት ላይ እንደሚጎዳ መዝግቦ አስቀመጠ። እድራችንም የቆመው በልክ ነው። መዋጮው በልክ፣ ወጪው በመዝገብ፣ ድንኳኑና ወንበሩ በቁጥር ነው። ስለዚህ የዚህን ሰው ሥራ ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

ልጆቻችን በመንገድ ላይ በሰላም ውለው በሰላም እንዲገቡ እየተመኘሁ ጽሑፌን በዚሁ አበቃለሁ።